ትእዛዝ የሌለው ሹመት፦ የብሪታንያ ዘውድ እንደራሴ በካውንቲዎች ውስጥ ስላለው ተግባር (ምልልስ)

ንጉሥ በአካል ሊገኝ በማይችልበት ስፍራ ስሙንና ክብሩን ይዞ የሚቆም እንደራሴ መሾም በዘውድ በሚተዳደሩ ብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ እንደራሴ በአንዱ ዘመን ጦር የሚያዝ ገዥ፣ በሌላው ዘመን ደግሞ ለማንም ትእዛዝ የማይሰጥ የሥነ ሥርዓት ተጠሪ ሆኖ ይገኛል። የሁለተኛውን ዓይነት ጠባይ ለመመርመር ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው በተባበረው የብሪታንያ መንግሥት «ሎርድ ሌፍተናንት» እየተባለ የሚጠራው ሹመት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ምልልስ የሹመቱን ታሪክ፣ የዕለት ተግባሩንና ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም በሁለት ተናጋሪዎች አንደበት ይመረምራል፤ አንደኛው አረጋዊ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ቀድሞ የእርሳቸው ተማሪ የነበረች የሕገ መንግሥት ሕግ ጠበቃ ናት። «ዓ.ም.» የሚል ካልታከለበት በቀር ዓመቱ የተጻፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጠበቃዋ፦ መምህር፣ በሕግ ትምህርት አንድ ሹመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው ሕጉ በሰጠው ሥልጣን ነው። ሎርድ ሌፍተናንት ግን ሕግ አያወጣም፣ በጀት አይመድብም፣ ፖሊስ አያዝም፣ በችሎት ተቀምጦ አይፈርድም፤ ለአገልግሎቱም ደመወዝ አይቆረጥለትም። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በእውነት የመንግሥት ሹም ሊባል ይገባዋልን?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን ሹመቱ ዛሬ የያዘው መልክ ከየት እንደ መጣ ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የቦታውንና የሕጉን ነገር ማስቀደም ይሻላል። እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ለዚህ ሥራ ሲባል መቶ ሊሞሉ ጥቂት በሚቀራቸው አካባቢዎች ተከፍለዋል፤ አካባቢዎቹም በአብዛኛው «ካውንቲ» ከሚባሉት፣ በኢትዮጵያ የቀድሞ አከፋፈል አውራጃን ከሚመስሉት ጥንታዊ ክልሎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ አካባቢ ንጉሡ በአብዛኛው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር አንድ ሎርድ ሌፍተናንት ይሾማል፤ ተሿሚውም ዕድሜው 75 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ሊያገለግል ይችላል። ዛሬ ሹመቱ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሚመራው በ1997 በወጣው የሌፍተናንሲ ሕግ ነው። በስኮትላንድ አራት ከተሞች ግን፣ ማለት በኤድንበራ፣ በግላስጎ፣ በአበርዲንና በደንዲ፣ የከተማው ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው «ሎርድ ፕሮቮስት» የሚባለው የከተማ መሪ በዚያው በሹመቱ ምክንያት የንጉሡ እንደራሴ ይሆናል።

ጠበቃዋ፦ አንድ ሰው ብቻውን በመቶ ሺህዎች፣ ከዚያም አልፎ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ያለበትን ካውንቲ ሊያዳርስ አይችልም። ሥራው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?

መምህሩ፦ ሎርድ ሌፍተናንቱ ሲታመም ወይም ከአካባቢው ሲርቅ የሚተካው አንድ ምክትል አለ፤ ከእርሱ በታች ደግሞ «ዴፑቲ ሌፍተናንት» የሚባሉ፣ ቁጥራቸው በሕዝቡ ብዛት ልክ የሚወሰን ረዳቶች ይሾማሉ። ረዳቶቹን የሚመርጠው ሎርድ ሌፍተናንቱ ራሱ ሲሆን፣ ሹመታቸው የሚጸናው ንጉሡ ካልተቃወመ ነው። ሕጉ በእነዚህ ረዳቶች ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ግዴታ ጥሏል፤ መኖሪያቸው በካውንቲው ውስጥ ወይም ከካውንቲው ድንበር ከ7 ማይል፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይርቅ ስፍራ መሆን አለበት። ዘውዱን የሚወክለው ሰው የሚወክልበትን አካባቢ ሕዝብ በቅርብ የሚያውቅ እንዲሆን ሕጉ ፈልጓል ማለት ነው።

ጠበቃዋ፦ ስያሜው ግን የጦር ሠራዊት ማዕረግ ይመስላል። መነሻው ከጦር ጋር የተያያዘ ይሆን?

መምህሩ፦ በትክክል ከጦር ጋር የተያያዘ ነው። ሹመቱ የተጀመረው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ሲሆን፣ ዓላማውም በየካውንቲው ለመከላከያ የሚሆነውን ሚሊሻ የሚመዘግብ፣ የሚያስታጥቅና የሚያሰልፍ የንጉሥ ታማኝ ማቆም ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ደመወዝ እየተከፈለው ዘወትር የሚቆም ትልቅ ሠራዊት ስላልነበራት፣ በ1588 የስፔን መርከቦች አገሪቱን ለመውረር በመጡ ጊዜ የየካውንቲውን ሰው ጠርተው በተጠንቀቅ ያቆሙት የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ሎርድ ሌፍተናንቶች ነበሩ። የሹመቱ ክብደት በጉልህ የታየው ደግሞ በ1642 ነው፤ ፓርላማው በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ላይ እምነት በማጣቱ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የራሱን ሎርድ ሌፍተናንቶች ሾመ፤ ንጉሡም በበኩሉ ለደጋፊዎቹ የክተት ሥልጣን ሰጠ፤ ሚሊሻውን ማን ያዝዛል የሚለው ይህ ክርክር አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ካደረሷት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ዘውዱ ከተመለሰ በኋላ በ1662 የወጣው የሚሊሻ ሕግ በሎርድ ሌፍተናንቶች አማካይነት የሚፈጸመውን የሚሊሻ አዛዥነት ለንጉሡ አጸናለት።

ጠበቃዋ፦ እንግዲያው ሹመቱ ሲፈጠር የሥነ ሥርዓት ሹመት አልነበረም፤ እንዲያውም ለመያዝ ጦርነት እስኪካሄድበት ድረስ የሥልጣን መሠረት ነበር። ይህን ሥልጣን ምን ወሰደው?

መምህሩ፦ የወሰደው የዘመናዊ መንግሥት መደራጀት ነው። በ1871 የጦር ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ካርድዌል ሠራዊቱን እንደገና ሲያደራጁ፣ በሎርድ ሌፍተናንቶች እጅ የነበረው የሚሊሻ ሥልጣን በሕግ ወደ ዘውዱ ተመለሰ፤ ይህም ማለት በፓርላማ ፊት ተጠያቂ በሆነው በጦር ሚኒስትሩ እጅ ገባ ማለት ነው። አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ለመዋጋት አቅም ያላቸውን ወንዶች የመጥራት መብታቸው የቀረው ደግሞ በ1921 ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረው ስሙ፣ ልብሱና ንጉሡን የመወከል ክብሩ ነበር፤ ሹመቱም ሊሻር በሚችልበት በዚያ ወቅት አልተሻረም፤ በሥልጣን ፈንታ አገልግሎት ተተካበት።

ጠበቃዋ፦ «አገልግሎት» የሚለው ቃል ዝርዝር ይጠይቃል። አንድ ሎርድ ሌፍተናንት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚፈጽማቸው ተግባራት ምን ምን ናቸው?

መምህሩ፦ ከሁሉ የቀደመው የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት ካውንቲውን ሲጎበኙ ጉዞውን ማዘጋጀት ነው። የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው ፋብሪካ ወይም የትኛው የእርዳታ ማኅበር ቢጎበኝ ለአካባቢው ይበጃል የሚለውን ለቤተ መንግሥቱ የሚያማክረው እርሱ ነው፤ በዕለቱም እንግዳውን ተቀብሎ፣ ከሰዎች ጋር እያስተዋወቀ፣ ፕሮቶኮሉን ይመራል። ሁለተኛው ከጦሩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣኑ ቢቀርም፣ ለተጠባባቂው ጦርና በሠራዊቱ ሥርዓት ለሚሠለጥኑት ወጣት ካዴቶች ደጋፊ ሆኖ ይቆያል፤ ለወደቁ ወታደሮች በሚደረገው ዓመታዊ መታሰቢያም በንጉሡ ስም የአበባ ጉንጉን ያኖራል። ሦስተኛው ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በእንግሊዝና በዌልስ ቀላል ጉዳዮችን ያለ ደመወዝ የሚዳኙ «ማጂስትሬት» የሚባሉ የሕዝብ ዳኞች ስላሉ፣ ሎርድ ሌፍተናንቱ አብዛኛውን ጊዜ «የመዛግብት ጠባቂ» የሚለውን ጥንታዊ ማዕረግ ደርቦ ከእነዚህ ዳኞች ጋር የቆየ ትስስር ይኖረዋል። አራተኛውና ሰፊው ግን ለሕዝቡ የሚገባውን ክብርና ምስጋና የማድረስ ሥራ ነው።

ጠበቃዋ፦ ከእነዚህ መካከል አራተኛው ተነጥሎ ሊብራራ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሽልማት መስጠት በብዙ አገር የባለሥልጣን ዕለታዊ ተግባር ነው፤ ለዚህ የተለየ ሹመት ማቆም ለምን እንዳስፈለገ በቀላሉ አይታይም።

መምህሩ፦ የአሠራሩን አካሄድ በአንድ ሽልማት ላይ መመልከት ነገሩን ያቀልላል። በ2002፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በተከበረበት ዓመት፣ በየሰፈሩ ለሚሠሩ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች የሚሰጥ ሽልማት ተቋቋመ፤ ንግሥቲቱ በ2022 ካረፉ በኋላ የንጉሡ ሽልማት ተብሏል። ለአረጋውያን ምሳ የሚያቀርብ ቡድን፣ በተራራ ላይ የጠፉትን የሚፈልግ ቡድን፣ የመንደር ቤተ መጻሕፍትን ያለ ክፍያ የሚያስተዳድር ቡድን ከቡድኑ ውጭ በሆነ በማንኛውም ሰው ሊጠቆም ይችላል። ጥቆማው ከደረሰ በኋላ ሎርድ ሌፍተናንቱ ረዳቶቹን ወደ ስፍራው ይልካል፤ እነርሱም የቡድኑን ሥራ በዓይናቸው ያያሉ፣ ተጠቃሚዎቹን ያነጋግራሉ፣ ያገኙትን መዝነው አስተያየታቸውን ያቀርባሉ። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ንጉሡ ያጸድቃል፤ በመጨረሻም ሎርድ ሌፍተናንቱ ራሱ ወደ ቡድኑ መጥቶ፣ በቡድኑ አዳራሽና በጎረቤቶቻቸው ፊት፣ ንጉሡ የፈረመበትን የምስክር ወረቀት ያስረክባል። እንዲሁም በ1993 ቀርቶ በ2012 እንደገና የተጀመረው የብሪታንያ ኢምፓየር ሜዳሊያ፣ ለአካባቢያቸው በትጋት ላገለገሉ ሰዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ተሸላሚው ሎንዶን ድረስ ሳይጠራ በሚኖርበት ካውንቲ ከሎርድ ሌፍተናንቱ እጅ ይቀበለዋል።

ጠበቃዋ፦ እንግዲህ እንደራሴው የሚያደርሰው ሽልማቱን ብቻ ሳይሆን፣ የሰዎቹ ሥራ በአገሩ መሪ ዘንድ መታወቁን ጭምር ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የደስታ ቀን ሥራ ነው። በመከራ ቀንስ?

መምህሩ፦ በመከራ ቀን የሚፈጽመው ተግባር ከሁሉ ይልቅ የሹመቱን ጠባይ ይገልጻል። በ2009 «የኤልሳቤጥ መስቀል» የሚባል ምልክት ተቋቁሟል፤ የሚሰጠውም በዘመቻ ላይ ወይም በሽብር ጥቃት ሕይወታቸውን ላጡ የሠራዊት አባላት የቅርብ ቤተሰብ ነው። ይህን መስቀል ብዙ ጊዜ ለሟች እናት፣ አባት ወይም የትዳር ጓደኛ የሚያስረክበው ሎርድ ሌፍተናንቱ ነው። ሟቹን ወደ ጦርነቱ የላከው ውሳኔ የመንግሥት ውሳኔ ነበር፤ ቤተሰቡ ያንን ውሳኔ ሊደግፍ ወይም ሊያወግዝ ይችላል፤ ውሳኔውን የሰጠው ሚኒስትር ራሱ መስቀሉን ይዞ ቢመጣ፣ ኀዘንተኛው ቤት የፖለቲካ ክርክር ወደ ደጁ እንደ መጣበት ሊቆጥረው ይችላል። ሎርድ ሌፍተናንቱ ግን በሹመቱ ዘመን ከፓርቲ ፖለቲካ መራቅ ግዴታው ስለሆነ፣ ለጦርነቱ ጥብቅና ሳይቆም፣ ለምርጫም ድምፅ ሳይለምን፣ አገር ስለ ሟቹ የሚገባትን ኀዘንና ምስጋና ብቻ ሊናገር ይችላል። ሥልጣን የሌለው መሆኑ ለዚህ ተግባር ብቁ ያደርገዋል።

ጠበቃዋ፦ ይህ ነጥብ በሕገ መንግሥት ሊቃውንት ዘንድ ከሚታወቅ አስተሳሰብ ጋር ይገናኛል። ዎልተር ባጆት የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1867 ባሳተመው ስለ እንግሊዝ ሕገ መንግሥት በሚያትተው መጽሐፉ፣ የመንግሥትን አካላት በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ክፍል የሕዝቡን አክብሮትና ፍቅር የሚስብ የክብር ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን አክብሮት ተጠቅሞ አስተዳደሩን የሚያካሂድ የሥራ ክፍል ነው። በዚህ አከፋፈል መሠረት ሎርድ ሌፍተናንት በየካውንቲው የተተከለ የክብር ክፍል መሆኑ ነው። ነገር ግን አክብሮት የተሳበው ሕዝብ ጥያቄ መጠየቅን እንዲተው ተደርጎ ከሆነ፣ ሥነ ሥርዓቱ የሥልጣን መጋረጃ ይሆናል።

መምህሩ፦ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ክብርና ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ በተሰበሰቡበት አገር አደጋው የበለጠ ነው። በዚያ ሥርዓት መንግሥትን የሚተች ሰው አገርን እንደ ደፈረ ይቆጠራል፤ ምስጋና የሚሰጠውም ለታማኝነት ዋጋ ተደርጎ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ግን አንድ ዜጋ ጠዋት ሚኒስትሩን በአደባባይ ሊቃወም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሎርድ ሌፍተናንቱ እጅ ሜዳሊያ ሊቀበል ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። የዚህ ሹመት ታላቅ ጥቅም ይህ ነው፤ አገር ዜጋዋን ስታመሰግን በምላሹ ምንም እንደማትጠይቅ በሥራ ያሳያል።

ጠበቃዋ፦ ይህን መቀበል ይቻላል፤ ከሹመቱ አመጣጥ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ገና አልተመለሰም። ሎርድ ሌፍተናንቶች ለብዙ ዘመን ሰፊ ርስት የነበራቸው መሳፍንትና የእነርሱ ልጆች ነበሩ። ደመወዝ አለመኖሩም ቢሆን በጎነት ብቻ አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችለው ጊዜና ሀብት ያለው ሰው ነውና፣ ሹመቱ ለድኻው ዝግ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሿሚውን ሕዝቡ አይመርጠውም።

መምህሩ፦ ከሦስቱ ተቃውሞዎች ሁለተኛው የማይታበል ነው፤ የጉዞና የመሳሰለው ወጪ ቢተካም፣ የድካሙ ዋጋ አይከፈልምና የተሿሚዎቹ ክበብ መጥበቡ አይቀርም። አመጣጡን በተመለከተ ግን ለውጥ ታይቷል። የመጀመሪያዋ ሴት ሎርድ ሌፍተናንት የኖርፎክ ዱቼስ ላቪኒያ ሲሆኑ፣ በ1975 ለምዕራብ ሰሴክስ ተሾሙ፤ ዛሬ ሴቶች በዚህ ሹመት ላይ መታየታቸው የተለመደ ሆኗል። በ2015 አባታቸው ናይጄሪያዊ የሆኑት ኬን ኦሊሳ ለታላቋ ሎንዶን ተሾሙ፤ በ2017 ደግሞ በአሜሪካ የተወለዱት ጥቁር ሴት ፒቺስ ጎልዲንግ ለብሪስቶል ተሾሙ። ብሪስቶል በ18ኛው መቶ ዓመት በአፍሪካውያን የባሪያ ንግድ ከበለጸጉት የእንግሊዝ ወደቦች አንዷ ነበረች፤ በዚያች ከተማ ዘውዱን የምትወክለው ጥቁር ሴት መሆኗ ያለፈውን በደል አይሽረውም፤ ዘውዱ የማን እንደሆነ ግን ለከተማይቱ ልጆች በግልጽ ይናገራል። ምርጫን በተመለከተ ደግሞ፣ የሚመረጥ ሰው ተፎካካሪና ደጋፊ ይኖረዋል፤ በተሸነፈው ወገን ኀዘንተኛ ቤት ሲገባ ግን እንደ አሸናፊው ወገን ሰው ይታያል። ሥልጣን ለያዘ ሰው ምርጫ የግድ ነው፤ ሥልጣን ለሌለው ሰው ግን ከምርጫ ይልቅ ገለልተኝነት ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ጠበቃዋ፦ በብሪታንያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ሹመት ከሩቅ የሚሰማ የንጉሥ ወግ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ በአካል ያገኙታልና። በ2002 የወጣው የብሪታንያ የዜግነትና የስደተኞች ሕግ አዲስ ዜጎች በሥነ ሥርዓት ላይ ቃል እንዲገቡ ስላዘዘ፣ የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት በየካቲት ወር 2004 በሎንዶን ብሬንት በተባለው ክፍለ ከተማ፣ የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ በአልጋ ወራሽነታቸው በተገኙበት ተፈጽሟል።

መምህሩ፦ በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ የመዝገብ ሹሙ ቃለ መሐላውን ያስፈጽማል፤ ሃይማኖታዊ መሐላ መማል የማይፈልገው የእግዚአብሔርን ስም ሳይጠራ ቃሉን ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያም ሎርድ ሌፍተናንቱ ወይም ረዳቱ በንጉሡ ስም ተነሥቶ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ያደርጋል። ለዓመታት ከመንግሥት ጋር የተገናኘው በማመልከቻ፣ በቀጠሮ፣ በክፍያና በምርመራ ብቻ የነበረ ስደተኛ፣ ያው መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጠይቀው እጁን ሲጨብጠው የሚያየው በዚያ ዕለት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከአስመራ ተነሥቶ እዚያ ለደረሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስደተኛው የአካባቢው ሰው መሆኑን ካውንቲው ራሱ በእንደራሴው በኩል መሰከረለት ማለት ነውና።

ጠበቃዋ፦ እስካሁን የተነገረው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም እንደራሴው ከተሰመረለት ወሰን እንዳያልፍ ነው። ወሰኑን ቢጥስስ? በኢትዮጵያ ታሪክ የዘውድ እንደራሴነት በወረቀት የሥነ ሥርዓት ሹመት ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ሌላ ነገር የሆነበት አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ።

መምህሩ፦ ምሳሌው በኤርትራ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. (1950) ባሳለፈው ውሳኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ከወሰነ በኋላ፣ ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. (1952) ሥራ ጀመረ። የኤርትራ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ ተግባር በጥንቃቄ ለክቶ ነበር፤ እንደራሴው የምክር ቤቱን ስብሰባ የዘውድ ንግግር በማሰማት ይከፍታል፣ ምክር ቤቱ የመረጠውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ በሥነ ሥርዓት በሥራው ላይ ያስቀምጣል፣ የወጡትን ሕጎች ያውጃል፤ አንድ ሕግ የፌዴሬሽኑን ሥልጣን የሚነካ መስሎ ሲታየውም እንደገና እንዲታይ ሊመልሰው ይችላል። የውስጥ አስተዳደሩ ግን የእርሱ ድርሻ አልነበረም።

ጠበቃዋ፦ በሕግ ዓይን ሲታይ ይህ ከሎርድ ሌፍተናንት ብዙ የማይርቅ፣ ጥቂት የሕግ ጠባቂነት የታከለበት ሹመት ነው። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነበር።

መምህሩ፦ በዚህ ሹመት ላይ የተቀመጡት ራስ አንዳርጋቸው መሳይ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. (1955) በምክር ቤቱ ፊት ባሰሙት የዘውድ ንግግር፣ ለንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ጽሕፈት ቤት የኤርትራ የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በቦታቸው የተተኩት አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ቀድሞ የእንደራሴው ምክትል የነበሩ ናቸው። ፌዴሬሽኑም በኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. (1962) ፈረሰ። የፌዴሬሽኑ መፍረስ ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ የእንደራሴው ጽሕፈት ቤት ከተሰመረለት ወሰን መውጣቱ ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የተነሣው 30 ዓመት የፈጀ ጦርነት ስንት ሕይወት እንደ በላ ለሁለቱም ሕዝብ የታወቀ ነው።

ጠበቃዋ፦ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው። የዘውድ ንግግር የሚባለው ሥነ ሥርዓት በብሪታንያ ፓርላማ መቀመጫ በዌስትሚንስተርም በአስመራም ነበር፤ በአንዱ ንግግሩን የሚያዘጋጁት በሕዝብ ፊት ተጠያቂ የሆኑ ሚኒስትሮች ሲሆኑ፣ በሌላው ግን ንግግሩ ራሱ የሥልጣን መሣሪያ ሆነ። ሥነ ሥርዓት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ ጠባዩን የሚወስነው ከበስተ ኋላው ያለው ሥልጣን የማን እንደሆነና ለማን እንደሚጠየቅ ነው።

መምህሩ፦ በሎርድ ሌፍተናንትና በዚያ እንደራሴ መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ደግነት ወይም ክፋት አይደለም። ሎርድ ሌፍተናንቱ ከወሰኑ ልውጣ ቢል የሚያዘው ጦር፣ የሚበትነው ገንዘብ፣ የሚሾመው አስተዳዳሪ የለውም፤ በ1871 የተፈጸመው ሥራ ይህን መንገድ ዘግቶታል። በአማርኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፤ ይህ አነጋገር የተወለደው ሹመት ሁሉ የሚበላ ነገር በነበረው ዘመን ነው። የሚበላ ነገር የሌለበት ሹመት ሲኖር ግን፣ ወደዚያ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ማገልገልን ነው ብሎ ለማመን ምክንያት ይኖራል።

ጠበቃዋ፦ ኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ዘውድ የላትም። ይህ ትምህርት ለሪፐብሊክ ምን ይጠቅማል?

መምህሩ፦ ለዚህ ጥያቄ ከእኔ ይልቅ አንቺ መልስ ልትሰጪ ትችያለሽ፤ ሕገ መንግሥቱን ጠንቅቀሽ ታውቂዋለሽና።

ጠበቃዋ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የአገሪቱን ርእሰ ብሔር ከሥራ አስፈጻሚው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይቶ አቁሟል። ፕሬዚዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል፤ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፣ ከሁለት ጊዜ በላይም ሊመረጥ አይችልም፤ የምክር ቤት አባል ሆኖ ቢመረጥ ወንበሩን ይለቃል። በአንቀጽ 71 የተዘረዘሩት ተግባራቱ በአብዛኛው የሥነ ሥርዓት ናቸው፤ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፣ የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ በሕግ መሠረት ኒሻንና ሽልማት ይሰጣል። እንግዲህ የክብርና የሥልጣን መለያየት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ተጽፏል፤ የጎደለው ወደ ወረዳው መውረዱ ነው።

መምህሩ፦ ነገሩ ይኸው ነው። በገጠር ለ30 ዓመት ያስተማረ መምህር፣ በሰፈሯ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደገች እናት፣ በወረርሽኝ ጊዜ ቤት ለቤት የዞረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚገባቸውን ምስጋና የሚሰሙት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው፤ በሚሰሙበትም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ድጋፍ ከሚጠይቅ ባለሥልጣን አንደበት ነው። አካባቢውን የሚያውቁ፣ ከፓርቲ የራቁ፣ ደመወዝና ትእዛዝ የሌላቸው፣ ድኻውም እንዳይቀርበት ወጪያቸው የሚሸፈን ሰዎች በየወረዳው ተመርጠው፣ የሚገባውን ሰው ፈልገው፣ መርምረው፣ በጎረቤቱ ፊት በአገር ስም ቢያመሰግኑት፣ ለዚህ ዘውድ አያስፈልግም፤ ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም።

ጠበቃዋ፦ ሕግ ግን ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ሊሠሩ እንደማይችሉ አስቀድሞ የሚወስን ሕግ። ያለዚያ ዛሬ የምስጋና መልእክተኛ ሆኖ የተሾመው ነገ የካድሬ ሥራ ይሰጠዋል። የእንግሊዝም የኤርትራም ታሪክ የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው፤ የሥነ ሥርዓት እንደራሴ ለሕዝብ የሚጠቅመው ሥልጣኑ በሕግም በተግባርም ሲወሰድበት ነው፤ ሥልጣኑ በተግባር ከቀረለት ግን ክብሩ ለሌሎች መጨቆኛ ይውላል። ስለዚህ በአገሪቱ ሕግ የሚያወጡ ሁሉ፣ ለሥልጣን ወሰን እንደሚያበጁለት ሁሉ፣ ለምስጋናም ከሥልጣን የተለየ ቤት ሊያበጁለት ይገባል።